ዮኮሐማ፣ ሚናቶ ሚራይ፦ ከእናትና ከልጅ ጋር ቀን የሚሰጠው ቦታ ነው?

ሳባ_ከሳሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ቶኪዮ ማስተርሱን እየተማረ ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ስድስት ዓመት ከሆነው ልጄና ከእማዬ ጋር ልንጠይቀው እንሄዳለን። ቪዛው ወጥቷል፣ ተመስገን። እሱ አንዱን ቅዳሜ ዮኮሐማ፣ ሚናቶ ሚራይ ወደሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ልውሰዳችሁ እያለ ነው። ቪዲዮውን አየሁት፣ ያምራል። ግን እውነቱን ለመናገር ፎቅና ሞል ለማየት ቀን ማቃጠል አለብን? ልቤ ኪዮቶ ነበር፣ የፈጣኑ ባቡር ዋጋ ግን አይቀመስም።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ሁዳዴም ነው፣ የምትበላው ነገር ያሳስበኛል። ደግሞ ግንባሯና አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ጃፓኖች ንቅሳት ያለበትን ሰው ፍልውሃ አያስገቡም ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው? የሄዳችሁበት ንገሩኝ እስቲ።

ናሆም_ዮኮሐማ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ የምኖረው እዚሁ ከተማ ስለሆነ ማዳላቴ አይቀርም። ሂጂ ባይ ነኝ። ግን ከሞል ሞል ስትዞሩ ከዋላችሁ በባለቤትሽ ትፈርጂበታለሽ። ይሄ ሰፈር የሚጥመው ውጭ ውጭውን ሲሄዱበት ነው።

ከሺቡያ የቶዮኮን መስመር ያዙ። ባቡሩ ሳትቀይሩ ሚናቶ ሚራይ ጣቢያ ድረስ ይገባል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ግን እዚያ አትውረዱ እላለሁ። ጣቢያው ከመሬት በታች ነው፣ ኤስካሌተሩም የሚያወጣችሁ ቀጥታ ሞሉ ሆድ ውስጥ ነው። ይልቅ ዮኮሐማ ጣቢያ ላይ ቀይሩና ጄአር በሚባለው ባቡር አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ሳኩራጊቾ ውረዱ። በ1872 እ.ኤ.አ. የጃፓን የመጀመሪያው ባቡር ከቶኪዮ ሺምባሺ ተነሥቶ የገባው እዚህ ነው። የያኔው የዮኮሐማ ጣቢያ ይሄ ነበር። አጠገቡ ያለው ሕንፃ ምድር ቤት ከእንግሊዝ የመጣ የዚያ ዘመን የእንፋሎት ባቡር ቆሟል፣ በነጻ ነው። ልጁን ከዚያ ለማላቀቅ ትንሽ ትታገላላችሁ።

ከጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ኬብል ካር አለ። በ2021 ነው ሥራ የጀመረው። 630 ሜትር ያህል በውሃው ላይ ይሄዳል፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ለአዋቂ በአንድ ጉዞ 1,000 የን። ለአምስት ደቂቃ ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ለእማማ ጉልበት ዋጋው ያወጣል። እሳቸውና ልጁ ከባለቤትሽ ጋር በላይ ይሂዱ፣ አንቺ ከታች በእግር። ከታች ያለው መንገድ ኪሻሚቺ ይባላል። በ1911 ወደ ወደቡ ዕቃ ለማመላለስ የተሠራ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ በ1997 የእግረኛ መንገድ አደረጉት። ሐዲዱን ግን አልነቀሉትም። ከጣውላው እኩል ተቀብሮ እስከ መጨረሻው ድረስ እግርሽ ሥር ይሄዳል። ግራና ቀኝ ባሕር ነው። በዚያ ሰሞን የቼሪ ዛፎቹ ካበቡ ደግሞ ፎቶ ስታነሺ እነሱ ቀድመውሽ ደርሰው ይጠብቁሻል።

ከዚያ ቀይ ጡቦቹ መጋዘኖች፣ አካሬንጋ። ሁለት ናቸው። ጎን ለጎን ስታያቸው አንዱ አጭር ነው፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሁለተኛው በ1911፣ አንደኛው በ1913 ያለቁ የጉምሩክ መጋዘኖች ናቸው። ሲሠሩ ርዝመታቸው እኩል ነበር። መስከረም 1 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. በደረሰው ታላቁ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ የአንደኛው ግማሽ ፈረሰ፣ የቀረውን ጠግነው ያዙት። ዛሬ ውስጡ ሱቅና ካፌ ነው። ውስጡን ብትዘሉትም አይቆጭሽም። ከውጭ ግን ብረት በሩን፣ ደረጃውን፣ ጡቡን ቀስ ብላችሁ እዩት።

ላንድማርክ ታወር የሚባለውን ፎቅ የትም ብትሆኑ ታዩታላችሁ። 296 ሜትር ነው፣ በ1993 የተከፈተ፣ እስከ 2014 ድረስ የጃፓን ረጅሙ ሕንፃ እሱ ነበር። 69ኛ ፎቅ ላይ መመልከቻ አለው፣ ሊፍቱ በ40 ሰከንድ ነው የሚያደርሰው። ጆሮ ድፍን ይላል። እድሳት አለ ስለተባለ መሄጃችሁ ሲደርስ ክፍት መሆኑን ድረ ገጹ ላይ አረጋግጡ። ቢዘጋም አትዘኑ፣ ከተማዋ ከላይ ስትታይ ጣሪያ ብቻ ናት።

አቡሽ77

ሳብዬ እኔን ስሚኝ፣ ገንዘብሽን ያዢ። እኔ ዱባይ ኖሬያለሁ፣ ባሕር ዳር የተተከለ መስታወት ፎቅ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ሚናቶ ሚራይንም አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ነፍስ የለውም። ከሳኩራጊቾ ጣቢያ በስተጀርባ ያለውን ኖጌን ሂጂና እዪ። ከጦርነቱ በኋላ የጥቁር ገበያ የነበረ ሰፈር ነው። ጠባብ መንገድ፣ አምስት ሰው የማትይዝ መጠጥ ቤት፣ ጭስ፣ ሳቅ። ጃፓን ማለት እሱ ነው። ሞሉን ቦሌም ታገኚዋለሽ።

ናሆም_ዮኮሐማ

አቡሽ፣ ኖጌን እኔም እወደዋለሁ። ግን እናቷንና የስድስት ዓመት ልጅ ይዛ፣ በሁዳዴ፣ መጠጥ ቤት ትግባልህ? 😂

ጋሽ_መርከቡ

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጣልቃ ልግባ። እኔ በንግድ መርከብ ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አቡሽ ነፍስ የለውም ሲል አንድ ነገር ቅር አለኝ። የቆምክበትን መሬት አላየኸውም ማለት ነው።

ያ ፎቅ ሁሉ የተተከለው መርከብ መሥሪያ ግቢ ላይ ነው። የሚትሱቢሺ የመርከብ መሥሪያ ነበር፣ በ1983 ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ እስኪሄድ ድረስ። እኛ መርከበኞች ወደብ ስንል መዶሻ የሚሰማበትን፣ ዝገትና ቀለም የሚሸትበትን ነው። ዮኮሐማም እንደዚያ ነበረች። ቦታው ሲለወጥ ሁሉን አላጠፉትም። ከላንድማርኩ ፎቅ እግር ሥር ወለሉ ድንገት ወደታች የሚወርድበት ቦታ አለ። በጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ጎኑ ሁሉ ደረጃ ደረጃ የሆነ፣ ረጅም ጉድጓድ። ሰው የአትክልት ቦታ ይመስለዋል፣ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣበታል። እሱ በ1890ዎቹ የተሠራ መርከብ መጠገኛ ነው። መርከቧ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው በፓምፕ ይመጠጣል፣ ከዚያ ሆዷን እያንኳኳህ ትጠግናለህ። ደረጃ የሚመስሉት ድንጋዮች መርከቧን ደግፈው የሚያቆሙት ግንዶች የሚያርፉባቸው ናቸው። በእጅህ ዳስሰው። ድንጋዩ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው።

ሌላኛው መጠገኛ ውሃ እንደያዘ ነው። እሱ ላይ ኒፖን ማሩ ቆማለች። ባለ አራት ምሰሶ፣ ባለ ሸራ፣ ነጭ መርከብ። በ1930 ኮቤ ላይ ተሠርታ እስከ 1984 ድረስ የንግድ መርከብ ተማሪዎችን ስታሠለጥን የኖረች ናት። 11,500 ያህል ሰው ተምሮባታል። የተጓዘችው መንገድ ምድርን 45 ጊዜ ይዞራል ይላሉ። ገብተህ ማየት ትችላለህ። የተማሪዎቹን መኝታ እይ። ጠባብ ናት፣ ለአንድ ሰው ትከሻ ያህል። የናስ ዕቃው ሁሉ ያብለጨልጫል። በዓመት ውስጥ በተመረጡ ቀናት በጎ ፈቃደኞች ምሰሶው ላይ ወጥተው ሸራውን በሙሉ ይዘረጉታል። ልጄ ሳባ፣ የእናንተ ቅዳሜ ከዚያ ጋር ከገጠመ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን እዩ።

ደግሞ ሐመርሄድ የሚባለው የመርከብ ተርሚናል ጋ አሮጌ ክሬን ቆሟል። ከእንግሊዝ አገር መጥቶ በ1914 የተተከለ፣ 50 ቶን የሚያነሣ። ያ የ1923ቱ መንቀጥቀጥ ወደቡን ሲደረማምሰው እሱ ቆሞ ተገኘ፣ የእርዳታ ዕቃ ለማውረድም ደረሰላቸው። ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎም አያየውም።

አቡሽ77

ጋሼ፣ እርስዎ ሲያወሩት ሌላ ነው። ያን ጉድጓድ አይቼዋለሁ፣ እንዳሉት ካፌ መስሎኝ ነው ያለፍኩት። ኖጌን ግን አልለቅም።

ኢንጂነር_ቤቲ

ጋሽ መርከቡ ያሉትን እኔ ከሥራዬ አንጻር ልጨምርበት። ይሄ ሰፈር ለምን እንደተሠራ ካወቃችሁ ስትሄዱበት ይገባችኋል። ዮኮሐማ ሁለት ልብ ነበራት። አንዱ የዮኮሐማ ጣቢያ አካባቢ፣ ሌላው የድሮው የካናይ ሰፈር። መሐላቸው ደግሞ የመርከብ መሥሪያው፣ የዕቃ ባቡሩና ወደቡ ተዘርግቶ ከተማዋን ለሁለት ቆርጧት ነበር። በ1965 ከንቲባው ኢቺዮ አሱካታ ስድስት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሲያቀርቡ አንዱ ይህን መሐል መክፈት ነበር። ግንባታው የተጀመረው በ1983 ነው። ዕቅዱ የተያዘበት ዘመንና ሥራው የተጀመረበት ዘመን መሐል አንድ ትውልድ አድጎ ሥራ ይይዛል። 186 ሄክታር ነው፣ ከዚህ ውስጥ 76ቱ ባሕር ደልድለው ያገኙት መሬት ነው።

ከመሬት በላይ ያለውን ሁሉም ፎቶ ያነሣዋል። እኔን የገረመኝ ከመሬት በታች ያለው ነው። በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሥር ሰው ገብቶ ቆሞ የሚሠራበት የጋራ ዋሻ አለ። የውሃ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪኩ፣ የስልኩ መስመር ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቧንቧ ቢበላሽ ሠራተኛው በጉድጓዱ ወርዶ ይጠግናል፣ አስፋልት አይቆረጥም። ሕንፃዎቹን የሚያቀዘቅዘውና የሚያሞቀውም ከማዕከል የሚሰራጭ ነው፣ ከ1989 ጀምሮ። ጣሪያ ላይ የተደረደረ የማቀዝቀዣ ሳጥን የማታዩት ለዚህ ነው። ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የመጠጥ ውሃም መሬት ውስጥ በታንከር ተቀምጧል። አዲስ አበባ ላይ ትናንት የተነጠፈ መንገድ ዛሬ ሲቆፈር ያየ ሰው ይሄን ሲሰማ የሚሰማውን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከባሕሩ በኩል ሆናችሁ እዩ። ፎቆቹ ከላንድማርኩ ጀምረው ወደ ውሃው እየቀረቡ ሲሄዱ ቁመታቸው ይቀንሳል። ከሱ ቀጥሎ ያሉት ኩዊንስ የሚባሉት ሦስት ፎቆች በተራ ዝቅ ዝቅ ይሉና ሸራ የመሰለው ሆቴል ላይ ያልቃል። እንዲያው የሆነ አይደለም፣ እንዲህ ይሁን ተብሎ ከመነሻው የታቀደ ነው። አቡሽ ነፍስ የለውም ያለው ግን ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የጃፓን ኢኮኖሚ በ90ዎቹ ሲቀዘቅዝ ብዙ ቦታ ለረጅም ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ማህሌት_ናጎያ

ሳባዬ፣ የጾሙን ነገር እኔ ልንገርሽ፣ ወንዶቹ ዘለሉት 🙂

ጃፓን ውስጥ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሞልቷል፣ የጾም ምግብ ግን ብርቅ ነው። ምክንያቱ ዳሺ የሚሉት መረቅ ነው። ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠሩት፣ ሾርባው፣ ኡዶን የሚሉት ወፍራም ኑድል፣ የአትክልቱ ወጥ ሳይቀር በሱ ነው የሚበስለው። በሁዳዴ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ሳህኑ ላይ አትክልት ብቻ ስላዩ ብቻ አትመኑ። ባዶ ሩዝ፣ ኦኒጊሪ (የተጠቀለለ ሩዝ) ከኮምቡ (የባሕር ቅጠል) ጋር፣ የባቄላ ቡቃያ እያላችሁ መዋል ይቻላል፣ ግን እማማን አያጠግብም።

እኔ ብሆን ጠዋት ቤት ሽሮ አፍልቼ፣ በፔርሙስ ይዤ እወጣ ነበር። ሪንኮ ፓርክ የሚባል ባሕሩ ዳር ያለ ሰፊ ሣር አለ፣ ሰው ሁሉ አንጥፎ ነው የሚበላው። ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ፌስታል ያዢ፣ የቆሻሻ መጣያ ፈልገሽ አታገኚም። እንጀራ ከፈለግሽ ቶኪዮ ካትሱሺካ፣ ዮትሱጊ አካባቢ የእኛ ሰዎች ይበዛሉ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ። ባለቤትሽ ይሄን ሳያውቅ አይቀርም።

ንቅሳቱ እውነት ነው። ሕግ አይደለም፣ ግን አብዛኛው ፍልውሃ ቤት አያስገባም፣ ያኩዛ ከሚባሉት ወሮበሎች ጋር ስለሚያገናኙት። ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ሸፍኑና ግቡ የሚሉ አሉ፣ የግንባር መስቀልን ግን በምን ትሸፍኝዋለሽ? ደግሞም ለምን? ፍልውሃው ይቅርባችሁ። ሚናቶ ሚራይ ያለው ትልቁ ፍልውሃ ቤት ውሃውን ከአታሚና ከዩጋዋራ በቦቴ ነው የሚያስመጣው፣ ሶደሬ አይደለ ከመሬት የሚፈልቅ። መንገድ ላይ ግን አትስጉ። ባቡር ውስጥ አሮጊቶቹ የእናትሽን ግንባር አይተው ፈገግ ይላሉ እንጂ ክፉ አይናገሩም። የእኔም እናት መጥታ ነበር፣ አንዷ ወንበሯን ለቃላታለች።

ሳባ_ከሳሪስ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጋሽ መርከቡ፣ የእርስዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ «እሱን ጉድጓድ አሳዩኝ» አለች። ማህሌቴ፣ ሽሮው ተይዟል።

ልጄ ደግሞ አባቱ የሚንቀሳቀስ ትልቅ ሮቦት አለ ብሎታል፣ በየቀኑ እሱን ነው የሚያወራው። የት ነው? ደግሞ ያ ኢንዶሚ ራስህ የምትሠራበት ቦታስ?

ናሆም_ዮኮሐማ

ሮቦቱ 18 ሜትር ቁመት የነበረው ጋንዳም ነው፣ ያማሺታ ወደብ ላይ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። አባትየው ቀድሞ ቢያስረዳው ይሻላል 😅

የኢንዶሚው ቦታ ካፕ ኑድልስ ሙዚየም ነው፣ አካሬንጋ አቅራቢያ። ፈጣን ኑድልን በ1958 የፈጠረው ሞሞፉኩ አንዶ ነው፣ የታሪኩ ክፍል አጭርና ደስ የሚል ነው። መግቢያው ለአዋቂ 500 የን፣ ልጅ በነጻ። ራስ መሥራት ሌላ 500። ልጁ ባዶ ኩባያ ይገዛል፣ በማርከር ይሥላበታል። ከዚያ መስኮቷ ጋ ሄዶ ከአራት ሾርባ አንዱን፣ ከ12 ማጣፈጫ አራት ይመርጣል። አፉን ያሽጉለትና በፕላስቲክ ከረጢት ከተው በእጁ ፓምፕ አየር እንዲሞላው ይሰጡታል። ቀይ ገመድ አለው፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው ቀኑን ሙሉ የሚዞረው። ቅዳሜ ወረፋው ከባድ ስለሆነ ሰዓት ቀድማችሁ አስይዙ። ሾርባው ሁሉ ሥጋና የባሕር እንስሳ አለበት፣ እናንተ ለፋሲካ አቆዩት።

የሚሽከረከረው ጎማ በ1989 ለዮኮሐማ ኤግዚቢሽን የቆመ ነው፣ 112.5 ሜትር፣ መሐሉ ላይ ሰዓት አለው። አንድ ዙር 15 ደቂቃ። መጫወቻ ግቢው ለመግቢያ አያስከፍልም፣ የምትከፍሉት ለምትጫወቱት ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ቢያለቅስም ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ዳግም_ኤቤ

እንደ ባለቤትሽ ለትምህርት የሄድኩ ነኝ። ማንም ያላነሣውን ልንገርሽ። ጃይካ ዮኮሐማ የሚባለው የጃፓን መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ሕንፃ እዚያው አካሬንጋ አጠገብ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወደ ውጭ የተሰደዱ ጃፓኖች ሙዚየም አለ፣ በነጻ። ሰው አይበዛበትም። ጃፓን ዛሬ የምናያት ሀብታም አገር ከመሆኗ በፊት ገበሬዎቿ እየሸጡ እየተበደሩ ወደ ሃዋይ፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ፔሩ ይሄዱ ነበር፣ ብዙዎቹም ከዚሁ ወደብ። የያዙት ሻንጣ፣ የሸንኮራ መቁረጫ መሣሪያቸው፣ ፓስፖርታቸው ሁሉ አለ። እኔ ገብቼ ቶሎ መውጣት አልቻልኩም። ዘመዶቼ ግማሾቹ ሪያድና ዋሽንግተን ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባሕሩን የሚያይ ካፌ አለ፣ ለማንም ክፍት ነው። ከየአገሩ ለሚመጡ ሠልጣኞች ስለሚያበስሉ ስለ ምግብ ስትጠይቂያቸው አይደነግጡም።

ባለቤትሽ ኤቤ በሚባለው ጃፓን ለአፍሪካውያን በምትሰጠው የትምህርት ዕድል የሚማር ከሆነ ደግሞ ፓሲፊኮ የሚባለውን የስብሰባ አዳራሽ ያሳይሽ። ሸራ የመሰለው ሆቴል ጎን ነው። ያ የትምህርት ዕድል የታወጀው በ2013 ዮኮሐማ ላይ በተደረገው አምስተኛው ቲካድ፣ የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ ላይ ነው። ኃይለማርያም ደሳለኝም ያኔ የአፍሪካ ኅብረት ሊቀ መንበር ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያም በ2019ና በ2025 እዚያው ተደርጓል።

አቡሽ77

ዳግም፣ ይሄን ሙዚየም አላውቀውም ነበር። ብሄድ የምገባው እሱ ነው። ከገባሁ በኋላ ኖጌ።

ጋሽ_መርከቡ

ልጄ ሳባ፣ አመሻሽ ላይ ቶሎ አትመለሱ። ኦሳንባሺ የሚባል የመርከብ መቆሚያ አለ፣ ከአካሬንጋ በእግር ትደርሳላችሁ። በ2002 አድሰውት ጣሪያው ሁሉ እንጨትና ሣር ሆኗል። ደረጃ የለውም፣ እንደ ኮረብታ ነው ቀስ እያለ የሚወጣው፣ ለእናትሽ ይመቻል። ሌሊትም አይዘጋም፣ አያስከፍልም። መብራቱ ሲበራ ሚናቶ ሚራይ ፊት ለፊት ነው። ነፋሱ ግን በመጋቢትም ይቆርጣል፣ ለእናትሽ ጋቢ ያዢላት።

ሳባ_ከሳሪስ

እሺ ጋሼ፣ ጋቢው አይቀርም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ማታ ሲደክማት እስከ ባቡሩ እንዴት ላድርሳት?

ናሆም_ዮኮሐማ

በጀልባ። ሲ ባስ ትባላለች። ከኦሳንባሺ ትንሽ አልፎ ያማሺታ ፓርክ ላይ፣ ወይም አካሬንጋ ጋ ትሳፈራላችሁ፣ ዮኮሐማ ጣቢያ ምሥራቅ በር አጠገብ ታወርዳችኋለች። ምሽት ላይ ጉዞዋ ይሳሳል፣ የመጨረሻዋን ሰዓት ጠዋቱን ማቆሚያው ላይ አይታችሁ እለፉ። ካመለጠቻችሁ ኒሆን ኦዶሪ ጣቢያ ቅርባችሁ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ከዚያ ቀጥታ ሺቡያ።